ሞተሩ ከመውረዱ በፊት፦ ያረጀ ባለቱርቦ ናፍጣ ሚኒባስ ለምን እንደሚያጨስና ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ የመለያ ቅደም ተከተል

ከለገሃር ተነስቶ የቸርችልን ዳገት ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ሲለቅ ያየ ሰው ሁሉ ፍርዱን በቶሎ ይሰጣል፦ «ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት) ጨርሷል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት።» ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በባለቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ባለው ናፍጣ ሞተር ላይ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ወይም በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው የሚደርስባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የቱርቦው ዘንግ፣ የቱርቦው የዘይት መመለሻ ቱቦና የሞተሩ መተንፈሻ ሞተሩ ሳይከፈት የሚመረመሩና የሚስተካከሉ ናቸው። ፋሻ ለመቀየር ግን ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ) ይነሣል፣ ፒስተኖቹ ይወጣሉ፣ መኪናውም ከሥራ ይስተጓጎላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተቀመጠው ቅደም ተከተል አንድም ቡሎን ከማይፈታበት ምርመራ ይጀምርና ቀስ በቀስ ብዙ ወደሚፈታበት ያመራል።

መመሪያው የሚመለከተው በተለይ ባለ ፖምፓ (ናፍጣውን በግፊት ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ፓምፕ ያላቸው) እና ባለ ቀጭን የናፍጣ ቧንቧ የሆኑትን አሮጌ ሞተሮች፣ ማለትም እንደ 2ኤል-ቲ፣ 1ኬዜድና 4ዲ56 ያሉትን ነው። እንደ 2ኬዲ ባሉት ባለ ኮመን ሬይል (ናፍጣው በአንድ የጋራ ቧንቧ በከፍተኛ ግፊት ተይዞ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭባቸው) ሞተሮች ላይም አብዛኛው ሐሳብ ይሠራል፤ የማይሠራበት ቦታ ሲደርስ ለይቼ አመለክታለሁ።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ የአካባቢ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በግምት 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እዚያ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን እዚህ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ይህ ልዩነት የጭሱን ቀለም፣ የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው አየር ግፊት) ልኬቱንና ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት ሁሉ ስለሚለውጥ፣ ለጃፓን ወይም ለአውሮፓ ቆላ የተጻፈ ቁጥር እንዳለ ሲወሰድ ጤነኛ ሞተር በሽተኛ መስሎ ይታያል።

አንደኛ፦ የሚጠፋውን ዘይት መለካት

«ዘይት ይበላል» የሚለው አቤቱታ ቁጥር ካልታከለበት ለምርመራ አይበቃም። ለመለካት መኪናው ሜዳ ላይ መቆም አለበት፤ መሃል ከተማ ደግሞ ሜዳ ማግኘት ቀላል አይደለም። ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ አካባቢ የቆመ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ወይ አፍንጫው ወይ ጅራቱ ከፍ ብሎ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ሊቤሎው (የዘይት መለኪያው ዘንግ) የሚያሳየው ከእውነተኛው መጠን ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ወለሉ የተስተካከለ ቦታ፣ ለምሳሌ በመስቀል አደባባይ ሥር ያለውን የመኪና ማቆሚያ ወይም የሰፈርዎን ጋራዥ የሲሚንቶ ወለል ይምረጡና ሁልጊዜ እዚያው ይለኩ።

ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ሊቤሎውን አውጥተው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፣ መልሰው እስከ መጨረሻው ያስገቡ፣ እንደገና አውጥተው ያንብቡ። ከዚያም ልክ እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ ሞልተው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይመዝግቡ። ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውሃ እየለኩ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ በየ100 ሚሊ ሊትሩ ምልክት ያድርጉበት፤ ጠርሙሱ በደንብ ከደረቀ በኋላ የመሙያ ዘይትዎ መለኪያ እርሱ ይሆናል። 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አኳኋን ይለኩና ወደ ላይኛው ምልክት ለመመለስ የፈጀውን መጠን ይመዝግቡ።

ብዙ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስን ፍጆታ እንደ መጨረሻ ወሰን ይጠቅሳሉ። በእኔ ግምት ዕድሜው የገፋ ሞተር በዚሁ ርቀት እስከ ግማሽ ሊትር ቢበላ በየሳምንቱ ሊቤሎ እያዩ ከመሙላት የበለጠ ነገር አይጠይቅም። ከዚህ በላይ ሲሆን ግን ምርመራው ይቀጥል።

ሊቤሎው ጭራሽ ካልቀነሰ፣ ወይም ከፍ ካለ፣ ደስ ሊልዎት አይገባም። የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ክፍል) ያልተቃጠለ ናፍጣ በፒስተኑ ዙሪያ ወደ ዘይቱ ሊያወርድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ናፍጣው የጎደለውን ዘይት ይተካና ፍጆታውን ይሸፍነዋል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። ከሊቤሎው አንድ ጠብታ በሶፍት ላይ ያንጠባጥቡና ለአንድ ሰዓት ይተዉት፤ በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ሰፊና ጥርት ያለ ቀለበት ከተፈጠረና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱን ቀይረው በቀጥታ ወደ ኖዝሎቹ ምርመራ ይሂዱ።

በዚሁ የልኬት ጊዜ ውስጥ በሌሊት ከሞተሩ ሥር ካርቶን ያንጥፉ። ብዙ «የተቃጠለ» ዘይት በእርግጥ የፈሰሰ ዘይት ነው። ሌላው ሰው የማይመለከተው ቦታ ዲናሞው ነው፤ በብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ላይ የፍሬን ማገዣውን አየር የሚስበው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ በሞተሩ ዘይት ስለሚሠራ፣ ላስቲኩ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ውስጥ ይገባል። ዲናሞው በዘይት ርሶ ከተገኘ የዘይቱ መሄጃ ምናልባት በዚሁ ታውቋል።

ሁለተኛ፦ ጭሱን በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ ማንበብ

ሹፌሩ በመስታወት የሚያየውን ጭስ በትክክል መለየት አይችልም። አንድ ሰው በሌላ መኪና ከኋላ ሆኖ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽልዎት፤ የሚቀረጹትም አምስት ሁኔታዎች ይሁኑ፦ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በማለዳ ሲነሣ፣ ሞቆ ለአሥር ደቂቃ በቆመበት ሲሠራ፣ ከዚያ ወዲያው ነዳጅ ሲረገጥለት፣ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወጣ፣ እንዲሁም በዚያው ዳገት በማርሽ ተይዞ ነዳጅ ሳይረገጥ ከወረደ በኋላ እንደገና ነዳጅ ሲሰጠው።

ጥቁር ጭስ የዘይት ጉዳይ አይደለም። ያልተመጣጠነ ናፍጣና አየር ማለት ነው፤ ወይ ናፍጣው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ አስቀድሞ የሳሳ ስለሆነ፣ የከፍታ ማካካሻ የሌለው ወይም ማካካሻው የተበላሸ ፖምፓ በዳገት ላይ ጥቁር ማጨሱ የሚጠበቅ ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ይመልከቱ። ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች ይዳብሱ፤ በዘይት ርሶ የተለጠጠ ወይም ከሥሩ የተሰነጠቀ ቱቦ ቱርቦው የጨመቀውን አየር ያስወጣዋል። ሞተሩ እየሠራ ሌላ ሰው ነዳጅ ሲረግጥ በሳሙና ውሃ ቢረጭበት ይንፈቀፈቃል። «ጉልበት ይጨምርልህ» ተብሎ የፖምፓው የናፍጣ መጠን ብሎን የተነካካ ከሆነም ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ትርፍ ናፍጣ ጭሱን ከማጥቆር አልፎ የቱርቦውንና የፒስተኑን ሙቀት ያንራል።

ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሞተር ሲነሣ የሚወጣውና ዓይን የሚያቃጥል፣ ጥሬ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ የማሞቂያ ካንዴላ መሞት፣ የኖዝል መበላሸት፣ የፖምፓው ሰዓት መዘግየት ወይም የኮምፕሬሽን ማነስ ያመጣዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆመውና ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ራዲያተሩም ውሃ የሚጎድልበት ከሆነ ግን ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ወዳለው ማሸጊያ) ያመለክታል፤ ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ሆኖም በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ያልተቃጠለ ናፍጣም ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ስለሚችል በማሽተት ያረጋግጡ። የተቃጠለ ዘይት ሽታው ከባድና ጉሮሮ የሚይዝ ነው። ነጭ ወረቀት ከጭስ ማውጫው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ለግማሽ ደቂቃ ይያዙ፤ ደረቅ ጥላሸት ሲነካ ይበናል፣ ዘይት ግን ቅባታማ ነጠብጣብ ይተዋል።

ሰዓቱ ከቀለሙ የበለጠ ይናገራል። ትራፊክ መብራት ላይ ወይም ተራ ሲጠብቅ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲሠራ ቆይቶ፣ ነዳጅ ሲረገጥ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ደመና ለቆ ከዚያ የሚጠራ መኪና በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ቱርቦውን ነው። በዳገት ላይ ጭነት በበዛበት መጠን የሚጨምርና የማያቋርጥ ጭስ፣ በተለይም ከመተንፈሻው ብዙ ግፊት ሲወጣ፣ ወደ ፋሻና ሲሊንደር ያመለክታል። ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲሰጠው ብቻ የሚያጨሰው ደግሞ በቤንዚን ሞተር ቢሆን የቫልቭ ላስቲክ አብቅቷል ይባል ነበር። መካኒኮቻችን ይህን የቤንዚን ልምድ ወደ ናፍጣ ይዘውት ይመጣሉ፤ ይሁንና በአብዛኞቹ አሮጌ ናፍጣ ሞተሮች የአየር መግቢያው ላይ እንደ ቤንዚኑ አየር የሚያንቅ በር ስለሌለ ዘይቱን በቫልቩ ግንድ በኩል የሚስብ ጠንካራ ስበት አይፈጠርም፤ ቱርቦው ሲሠራ ደግሞ የመግቢያው ቱቦ ጭራሹን በግፊት የተሞላ ነው። ስለዚህ የቫልቭ ላስቲክን በናፍጣ ሞተር ላይ ከተጠርጣሪዎች መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ።

ሦስተኛ፦ መተንፈሻውን መመርመር

በሥራ ላይ ካለ ሞተር ሁሉ ጥቂት ጋዝ በፋሻው ጎን ወደ ዘይቱ ቋት ያልፋል። ይህ ጋዝ ከቴስታታው ክዳን በሚወጣ ቱቦ ወደ ቱርቦው መግቢያ ተመልሶ እንዲቃጠል ይደረጋል፤ ሲሄድም የዘይት ጭጋግ ይዞ ይሄዳል። በመግቢያው ቱቦ ውስጥ ስስ የዘይት ቅብ መታየቱ ስለዚህ ብልሽት አይደለም፤ ኩሬ መፍጠሩ ግን ነው።

በአብዛኞቹ ሚኒባሶች ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን ያንሡና የመተንፈሻውን ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉት። በጥቁር ዝቃጭ የተደፈነ ከሆነ በናፍጣ አጥበው ያድርቁት። በቴስታታው ክዳን ውስጥ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ክፍል ካለ እርሱም ይጠብ። የተደፈነ መተንፈሻ የዘይት ቋቱን ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ዘይትን በየላስቲኩና በቱርቦው በኩል ይገፋል፤ አንድ ቱቦ ማጠብ ብቻ ያዳነው ሞተር አለ።

ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ጭሱ ከቀጠለ የሚከተለውን ሙከራ ያድርጉ፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ መመሪያ ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚገልጸው ይህ ነው። የመተንፈሻውን ቱቦ ከቱርቦው መግቢያ ነቅለው ወደ አንድ ባለ ሁለት ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ያስገቡት፤ የጠርሙሱ አንገት አየር የሚያስወጣ ክፍተት ይኑረው፣ ጠርሙሱም ከጭስ ማውጫውና ከቱርቦው ሙቀት ርቆ በሽቦ ይታሰር። በቱርቦው መግቢያ ላይ የቀረውን ቀዳዳ አቧራ እንዳይገባ በደንብ ይዝጉት። በዚህ ሁኔታ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይንዱ። ጭሱ ከጠፋና ጠርሙሱ ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ ዘይቱ የሚቃጠለው በመተንፈሻው በኩል ስለነበር ጥያቄው «ይህን ያህል ጋዝ ከየት መጣ?» ወደሚለው ይሸጋገራል። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ጭሱ እንዳለ ከቀጠለ መተንፈሻው ነጻ ወጥቷል፤ ወደ ቱርቦው ይለፉ። ሙከራው ሲያበቃ ቱቦውን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ ጋዙን እንዲሁ መንገድ ላይ መልቀቅ ለተሳፋሪውም ለእግረኛውም ጎጂ ነው።

ጋዙ በዝቷል ብለው ፋሻውን ከመክሰስዎ በፊት ቀደም ሲል ያነሣሁትን የፍሬን ማገዣ ፓምፕ ያስታውሱ። ይህ ፓምፕ የሚስበውን አየር የሚለቀው ወደ ሞተሩ ውስጥ ነው። በፍሬን ማገዣው ወይም በቱቦው ላይ ቀዳዳ ካለ ፓምፑ ያለ ማቋረጥ አየር እየሳበ ወደ ዘይት ቋቱ ይነፋል፤ የዘይት መሙያ ክዳኑ ሲነሣም ያለቀ ሞተር ይመስላል። ለመለየት የስበት ቱቦውን ከፓምፑ ላይ ነቅለው የፓምፑን አፍ በላስቲክ ቡሽ ደፍነው ከመተንፈሻው የሚወጣውን ጋዝ መልሰው ይመልከቱ። በዚህ ጊዜ ፍሬኑ ስለሚከብድ መኪናውን ከቆመበት አያንቀሳቅሱ፤ ሲጨርሱ ቱቦውን መልሰው ያጥብቁ።

አራተኛ፦ ቱርቦው

የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 በላይ የሚዞር ሲሆን የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ዘይቱን ከአየሩና ከጭሱ የሚለየው እንደ ሌሎች ቦታዎች የጎማ ላስቲክ ሳይሆን እንደ ትንሽ ፋሻ ያለ የብረት ቀለበት ነው፤ ይህ ቀለበት ደግሞ ዘይቱ በራሱ ክብደት በሰፊ ቱቦ ወደ ቋቱ እስከወረደ ድረስ ብቻ ይሠራል። መመለሻው ከጠበበ ወይም የቋቱ ግፊት ከፍ ካለ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ቱርቦ እንኳ ዘይት ያፈሳል። ብዙ ቱርቦ ያለጥፋቱ የሚጣለው ይህ ስለማይታወቅ ነው።

የራሴን ላንሣ። አንድ የዕቃ ቫን ነበረኝ፤ ለአንድ ጋራዥ ሰጥቼው ፋሻውም ጓርኒሲዮኑም በሙሉ ተቀይሮ ወጣ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላውም ጭሱ ተመለሰ። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ከቱርቦው ሥር ባለው የመመለሻ ቱቦ ነው። ከዚያ በፊት የገጠመው ሰው በጓርኒሲዮን ፈንታ ሲሊኮን ቀብቶበት፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ከቀዳዳው ግማሹን ዘግቶት ነበር። በካቻቢቴ ጫፍ ተፍቆ ወጣ።

እንግዲህ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ የመመለሻ ቱቦውን ፈትተው ብርሃን ያሳልፉበት። ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር በቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ስለሚሆን ሁለቱም ቱቦዎች፣ የመመለሻውም የቀጭኑ መግቢያም፣ በዚህ ከሰል ሊጠቡ ይችላሉ። ሲመልሱ ትክክለኛውን ጓርኒሲዮን ይጠቀሙ፤ ሲሊኮን አይቀቡ።

ቀጥሎ የአየር መግቢያውን ቱቦ ነቅለው በቱርቦው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ባለ ጥርስ የብረት ጎማ በጣትዎ ይያዙ፤ ሞተሩ ፈጽሞ የጠፋ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጥርሶቹ ቤቱን መንካት የለባቸውም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፋና ሲሳብ በእጅ የሚሰማ ነጻነት ካለው ግን ቱርቦው አልቋል፤ የሚፈቀደው ነጻነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ እጅ ሊሰማው አይገባም። ጥርሶቹ የተፋቁ ወይም የተበሉ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በመጨረሻም የጭስ ማውጫውን ቱቦ ከቱርቦው ላይ ይፍቱ፤ ከሞተሩ የሚመጣው ክፍል ደረቅ ሆኖ ከቱርቦው በኋላ ያለው ብቻ በዘይት ከራሰ ጥፋተኛው ቱርቦው ወይም መመለሻው ነው። ሁለቱም በዘይት ከራሱ ግን ዘይቱ ከሲሊንደሮቹ እየመጣ ነው። ይህ አንድ እይታ የብዙ ቀን ክርክር ይዘጋል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። በአየር መግቢያው በኩል ብዙ ዘይት የሚያስገባ ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ከቁጥጥር ውጭ ሊሮጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቁልፉ ቢዘጋም አይጠፋም። ባለ እጅ ማርሽ መኪና ከሆነና ሹፌሩ በቦታው ካለ፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦና የእጅ ፍሬኑን ስቦ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ በመልቀቅ ሊያንቀው ይችላል፤ ከፊቱ ሰው እንዳይኖር። ከውጭ የሚያጠፋው ሰው የአየር መግቢያውን በወፍራም ጣውላ ወይም በብረት ሳህን ይድፈነው እንጂ በእጁ ወይም በጨርቅ አይሞክረው። በኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የጨመቀውን አየር በሚያቀዘቅዘው ክፍል) ውስጥ የዘይት ኩሬ ከተገኘ፣ ኢንተርኩለሩና ቱቦዎቹ በደንብ ሳይታጠቡ ሞተሩ በፍጹም አይነሣ።

ቱርቦው መለወጥ ካለበትና ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የሚገዛ ከሆነ ከላይ ያለውን የጣት ምርመራ እዚያው ሱቁ በር ላይ ያድርጉት። የዘይት መግቢያ ቱቦውን አዲስ ያድርጉት፤ ያለፈውን ቱርቦ የገደለው ቱቦ ተተኪውንም ይገድለዋል። ሲገጠም በመግቢያው ንጹሕ ዘይት ይሙሉበት፣ ናፍጣው ተቆርጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ለጥቂት ጊዜ ይዙር፣ ከተነሣ በኋላም ለሁለት ደቂቃ ያህል ነዳጅ አይረገጥ።

አምስተኛ፦ ኖዝሎቹ

በአሮጌው ባለ ፖምፓ ሞተር ላይ ሞተሩ ሞቆ በቆመበት እየሠራ፣ የአንዱን ኖዝል ቧንቧ ማሰሪያ አንድ ዙር ያህል ያላሉት፤ ያ ሲሊንደር ከሥራ ይወጣል። ሞተሩ ካልተንገጫገጨ ሲሊንደሩ አስቀድሞም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ከተንገጫገጨና ጭሱ ግን ወዲያው ከቀነሰ የዚያ ኖዝል አረጫጨት ተበላሽቷል። አጥብቀው ወደሚቀጥለው ይለፉ። የትኛውም ሲላላ ጭሱ የማይለወጥ ከሆነ ችግሩ የናፍጣ አይደለም። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ ከሥር ጨርቅ ያንጥፉ። በኮመን ሬይል ሞተር ላይ ይህ በፍጹም አይሞከርም፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊበልጥ ስለሚችል የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ለእርሱ የኮምፒውተር ምርመራ ይጠየቅለት።

ስድስተኛ፦ ኮምፕሬሽን

ወደዚህ የሚደረሰው ከላይ ያሉት ሁሉ ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። ባትሪው የተሞላ፣ ሞተሩ የሞቀ፣ የፖምፓው የናፍጣ መቁረጫ ሽቦ የተነቀለና የማሞቂያ ካንዴላዎቹ በሙሉ የወጡ መሆን አለባቸው። መለኪያው የናፍጣ ይሁን፤ የቤንዚኑ አይችለውም። እያንዳንዱን ሲሊንደር መርፌው መጨመር እስኪያቆም ድረስ ያዙሩና ይመዝግቡ።

ቁጥሩን ሲያነቡ ከፍታውን አይርሱ። በባሕር ጠለል 30 ባር የሚያሳይ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 22 ወይም 23 ባር ማሳየቱ ትክክለኛ ነው። የአምራቹ መጽሐፍ ዝቅተኛውን 20 ባር ካለው፣ እዚህ የሚነጻጸረው ከ15 ባር ጋር ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ተወስዶ «22 ባር ነው፣ ሊያበቃ ነው» የተባለ ጤነኛ ሞተር ጥቂት አይመስለኝም። ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይታመናል፤ ሦስቱ 22 ሆነው አንዱ 15 ከሆነ ችግሩ ከፍታው አይደለም።

ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ጨምሮ መልሶ መለካት የቤንዚን ዘዴ ነው። በናፍጣ ሞተር የፒስተኑ የላይኛው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ ዘይት ልኬቱን ያሳስታል፣ ሲበዛም የፒስተኑን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል። የተሻለው ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሶ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ በካንዴላው ቀዳዳ ከኮምፕረሰር አየር ማስገባትና ጆሮ መስጠት ነው። ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ፤ ሞተሩ ሊዞር ስለሚችልም እጅ ከቀበቶው ይራቅ። አየሩ በዘይት መሙያው ከተሰማ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የመግቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በኩል ከሆነ የመውጫው ቫልቭ ነው፤ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ነው።

ስለ ጓርኒሲዮን አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ብቻውን ሞተሩን ያፈላዋል፣ ውሃውንም ያስተፋዋል። ስለዚህ ቴስታታው እንዲነሣ ከመፍቀድዎ በፊት በሞተሩ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ግፊት የሚይዝ አዲስ ክዳን ገጥመው ለጥቂት ቀናት ይሞክሩ። በማለዳ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ከሆነ ግን የጨመቀው የሲሊንደር ጋዝ እንጂ ሙቀት አይደለም። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም።

ፋሻው በእርግጥ ማለቁ ከተረጋገጠ ምርጫው ሞተሩን ማደስ ወይም ያገለገለ ሞተር መግዛት ነው። የሚገዛው ሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ስለሚለይ የባለቤትነትና የግዢ ማስረጃው ሳይሟላ ገንዘብ አይክፈሉ። እስከዚያ ድረስ «ወፍራም ዘይት ይግባበት» የሚባለው ምክር ጭሱን ለጊዜው ይቀንሰው ይሆናል፤ ነገር ግን በቀዝቃዛ ማለዳ 20ደብሊው-50 ወደ ቱርቦው የሚደርሰው ከ15ደብሊው-40 ዘግይቶ ነው፣ ለፋሻው የተቆጠበው በቱርቦው ይከፈላል።

ከጥገናው በኋላ ጭሱ በዚያው ቀን ካልጠፋ አይደንግጡ። በማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ድረስ ማጨሱ አይቀርም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አንድ ሁለት ጊዜ ጭኖ መውጣት ያፋጥነዋል፣ ሲደርሱም ከማጥፋትዎ በፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል በቆመበት ይሥራ። ከዚያ በኋላ ምልክት የተደረገበትን ጠርሙስ ይዘው ወደዚያው ሜዳ ወለል ይመለሱ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ፣ ቆጣሪውን ይመዝግቡና 500 ኪሎ ሜትሩን እንደገና ይጀምሩ።